ለሕያው ተዝካር አይወጣም

ንፋስ መውጫ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም.

«የመሪጌታ ሚስት እኮ አልሞተችም፤ ልጇ ፈረንጅ አገር ወስዳ ሳህን ላይ አስቀምጣታለች።»

ይህን የሰማሁት ባለፈው ቅዳሜ፣ ባጃጅ መቆሚያው ዘንድ ነው። ተናጋሪዋን አላውቃትም፤ ነጭ ሽንኩርት በዘምቢል ይዛለች። አብራት የቆመችው ሴት አልተገረመችም። «ታዲያ ብርዱን እንዴት ቻለችው?» ብላ ብቻ ጠየቀች። እኔም መልሱን ልሰማ ቆየሁ። እናታችን ብርድ አትወድም ነበር፤ ከቤተሰቡ ውስጥ ደግሞ ይህን ለመጠየቅ ያሰበ እስካሁን አልነበረም።

ወሬን ከሰላምታ ማስቀደም ነውር ነውና ይቅር በይኝ፣ የእናቴ ልጅ። ለመሆኑ እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ያ ወገብሽን ቀስፎ የሚይዝሽ ነገርስ? እኔ ደህና ነኝ፤ በደብዳቤ ላይ ደህና ያልሆነ ሰው አይቼ አላውቅም። ትምህርት ቤቱም ደህና ነው። አሥራ አራት ዓመት ስለ ሴል ሳስተምር አንድም ሴል በዓይኔ እንዳላየሁ ታውቂያለሽ። ዘንድሮ አዲስ ማይክሮስኮፕ መጥቶልናል፤ መስተዋቱ ግን አልመጣም። ስለዚህ ባዮሎጂን አሁንም በእምነት ነው የማስተምረው።

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። እንደ ልማዱ ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊውን አቃጥሎ በሽታን በጭስ ሲያባርር ዋለ። በሽታው ሲሄድ አላየሁትም፤ እኔ ግን ዓይኔ እየተቆጠቆጠ ቤት ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ወረቀቱ ላይ የረጠበ ነገር ካየሽ ጭሱ ነው።

ደህና ያልሆኑት አባታችን ናቸው። የምጽፍልሽም በእሳቸው ነገር ነው። አራት ጊዜ ደወልሽ፤ አራት ጊዜ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ብዬ ዘጋሁብሽ። ኔትወርኩ በእነዚያ ቀናት እንደ ብረት ነበር። በስልክ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው። ሰኞ ወደ አንቺ አገር ለሥልጠና የሚሄድ የጤና ጽሕፈት ቤት ሰው አግኝቻለሁ፤ ይህን በእጁ ይሰጥሻል።

«ከእማዬ የተወሰደውን ለሰማንያዋ ታኅሣሥ ሰባት ይዤው እደርሳለሁ፤ ከጎኗ እንቀብረዋለን፤ ለሥራዬ የሚሆን ትንሽ ብቻ አስቀራለሁ» የሚለው መልእክትሽ ከደረሰኝ ጀምሮ እንጀራ አይወርድልኝም። ስለዚህ ልመናዬን ከፊት ላስቀድመው፦ አታምጪው። በእናታችን አጥንት፣ አታምጪው። ምክንያቱን እስከ ደብዳቤው መጨረሻ እየፈለግሁ እጽፍልሻለሁ።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት አሥራ ሰባት፣ ሠላሳዋ ዕለት በደወልሽ ጊዜ ነው። አባታችን ጆሯቸው ስለደከመ፣ ጎረቤታችን ማንአለሽ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ያዘችላቸው። አንቺ ልታጽናኚያቸው ፈልገሽ ነበር፤ አውቃለሁ። «አባባ፣ አይዘኑ፤ ከእማዬ የተወሰደው አሁንም አለ፤ ሰሌዳዬ ላይ ተጣብቆ ይኖራል» አልሻቸው። እሳቸው ቀስ ብለው «ሕያው ነው?» አሉ። «አዎ ሕያው ነው፤ እንዲያውም ይበዛል» አልሽ። በዚህን ጊዜ ማንአለሽ እልል አለች። ያንን እልልታ ነው እንግዲህ ከተማው የሰማው።

ለአርባዋ ጠላው ተጠምቋል፣ በሬው ተገዝቷል፣ የአብነት ተማሪዎቹ ተነግሯቸዋል። ሲመሽ አባታችን አለቃ ወልደ ሰንበትን አስጠሩና «ይቅር፤ ለሕያው ተዝካር አይወጣም» አሏቸው።

የደብሩን አለቃ ታስታውሻቸዋለሽ፤ የእስቴ ሰው ናቸው፣ ክርክር ከእህል ይሻላቸዋል። «መሪጌታ፣ የተላጨ ጠጉሬን ንፋስ ወስዶ ደብረ ታቦር ቢያደርሰው የእኔን ተዝካር ታስቀሩታላችሁ?» አሉ። አባታችን ትንሽ አሰቡና «ጠጉርዎ እዚያ ደርሶ ወልዶ ከሆነ እናስቀረዋለን» ብለው መለሱ። አለቃም ጥምጥማቸውን አስተካክለው ወጡ። በሃያ ዓመት ውስጥ ክርክር ጥለው ሲወጡ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

እኔም በሳይንስ ገባሁበት። «አባባ፣ እዚያ ያለው እማዬ አይደለችም። እዚያ ያለው እማዬን የገደለው ነው፤ የነቀርሳው ሥር ነው» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ልጅ ሌባ ቢሆን ልጅነቱ ይቀራል? ከሥጋዋ የወጣ ሥጋዋ ነው» አሉኝ። እኔ አሥራ አራት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ለዚህ ምን ልበል? የመማሪያ መጽሐፉ ላይ የለም።

ከዚያ ዕለት ወዲህ ማታ ማታ አንድ ጭብጥ በሶ በውሃ ነው የሚቀምሱት። ሌላው ሕዝብ ከሦስት ቀን በኋላ የነቢያት ጾም ሲይዝ ይደርስባቸዋል፤ እሳቸው ግን ሃያ ስምንት ቀን ቀድመውታል። እጀ ጠባባቸው የሌላ ሰው መስሏል። ጤና መኮንኑን በዘዴ፣ ሰላም ሊላቸው የመጣ አስመስዬ አመጣሁት። ሲወጣ በር ላይ «በዚህ ከቀጠሉ ገናን አያዩም» አለኝ። ለአባታችን ግን «በርትተዋል» አላቸው፤ እሳቸውም «አንተም በርታ» አሉት።

አንቺ የተዝካሩን መቅረት ከማንአለሽ ስትሰሚ መፍትሔ ብለሽ ያሰብሽው ይዘሽው መምጣት ነው። አባታችንም አለቃም በአንድ ቃል ተቀበሉት፦ ይምጣ፣ ፍታት ይደረግለት፣ ከጎኗ ይቀበር፣ ከዚያ ሰማንያዋ ይውጣ። ክርክሩ በእርቅ አለቀ። እኔን ያስጨነቀኝ ክርክሩ አልነበረም፤ እርቁ ነው።

አባታችን አሁን ምን እየሠሩ እንደሆነ ልንገርሽ። ለዚያ ለምታመጪው ብልቃጥ ማኅደር እየሠሩለት ነው። እንደ መዝሙረ ዳዊት ማኅደር፣ ማንገቻ ያለው፣ መዳፍ የምታህል። ውስጧን በብራና ሊለብዱት የፍየል ቆዳ ወጥረው መፋቅ ጀመሩ። ባለፈው ሰኞ ቆዳው ተቀደደባቸው። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ቆዳ ተቀዶባቸው አያውቅም። ቀዳዳውን በጣታቸው እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ ሌላ ቆዳ እንድገዛ ላኩኝ። ገዛሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሄጄ ቆዳ ገዛሁላቸው፣ እህቴ።

ያን የሁለት ሺህ አምስትን ሰኔ አስታወሰኝ። ለዕረፍት መጥተሽ፣ ቆዳ ሲፍቁ አጠገባቸው ቁጢጥ ብለሽ ሥራሽን ስትነግሪያቸው። በነቀርሳ ውስጥ ያለው ሴል ሁሉ እኩል አይደለም አልሻቸው፤ ብዙው ገለባ ነው፣ ጥቂቱ ግን እንደ ሰርዶ ሥር ነው። መድኃኒቱ ላይ ላዩን ያጭደዋል፤ ሥሩ ተደብቆ ይከርምና መልሶ ያቆጠቁጣል። አንቺ የምትሠሪው ያንን ሥር ለብቻው የሚይዝ ሰሌዳ ነው፤ ከፕላስቲክ ተሠርቶ፣ ከጠጉር የቀጠነ ሸንተረር ወጥቶለት፣ እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ነገር ይቀባል። ሴሎቹ ይፈሱበትና ይታጠባል። ገለባው ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ሥሩ ተጣብቆ ይቀራል።

አባታችን መፋቂያውን ሳያስቀምጡ «ታዲያ ይኼ የእኛው ሥራ አይደል?» አሉሽ። «ቀለም የሚይዘው ቆዳው አይደለም፤ አፋፋቁ ነው። አብዝተሽ ከፋቅሽው ቀለሙ ይፈሳል፤ ካልፋቅሽው አይጨብጥም። የጠጉሩ ፊትና የሥጋው ፊት እንኳ አንድ ዓይነት አይጽፉም።» ደብተርሽን አውጥተሽ ቃላቸውን መጻፍ ጀመርሽ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ሲጽፉ ኖረው የእሳቸው ቃል ሲጻፍ ያዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለሳምንት ያህል ቀጥ ብለው ይራመዱ ነበር።

ከዚያ አንቺ ከእማዬ ለሚወሰደው ናሙና የመውጫ ፈቃድ ልታስፈርሚ አዲስ አበባ ወረድሽ፤ እኔ እማዬን ይዤ ሆስፒታል ገባሁ። ያኔ ያልነገርኩሽን አሁን ልንገርሽ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት በነበረው ቀን፣ የሚቆረጠውን ለአንቺ ሥራ እንድትሰጥ ስጠይቃት እማዬ እምቢ አለች። «ከእኔ የሚቆረጠው ከእኔ ጋር ነው የሚቀበረው። በሁለት አገር አልቀበርም። በምጽአት ቀን ስነሣ ጡቴን ፍለጋ ፈረንጅ አገር ልሂድልህ?» አለችኝ። ለመንኳት። ለሳይንስ ነው አልኳት። «ሳይንስ የራሱን ያምጣ» አለች። ከዚያ እጄን ይዛ አስማለችኝ፤ በምን እንዳስማለችኝ አልጽፈውም።

አንቺ ደግሞ አሥራ አምስት ቀን ከቢሮ ቢሮ ተንከራተሽ ማኅተሙን ያስመታሽው በዚያው ዕለት ነው። ደውለሽ «ፈቀደች ወይ?» አልሽኝ። «ሁሉም ተስተካክሏል» አልኩሽ። በማግስቱም ሁሉም ተስተካከለ።

ከእማዬ አልጋ ጎን ዘነበች የምትባል የስማዳ ሴት ተኝታ ነበር፤ የወገዳ ገበያ ጌሾ ነጋዴ። ሕመማቸው አንድ፣ የተቀደዱበት ቀን አንድ፣ ጎኑ እንኳ አንድ፦ ግራ። አስታማሚ ስላልነበራት ውሃዋንም ወረቀቷንም የማመላልስላት እኔ ነበርኩ። አፏ አያርፍም። «የእኔን ለድመት እንዳትሰጡብኝ እንጂ፣ ለሚጠቅመው ስጡት፤ እኔ እንደሁ ከእንግዲህ አላጠባበት» ስትል እማዬ ሆዷን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻዋ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ነርሷ የሁለቱንም በየብልቃጡ አድርጋ «አስታማሚ!» ብላ ተጣራች፤ አስታማሚ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሁለቱንም ተቀበልኩ።

አንቺ አስቀድመሽ የላክሽውን፣ ሥጋን ሕያው የሚያቆይ ሮዝ ውሃ ያለበትን ብልቃጥ በበረዶ ሳጥን ይዤ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፈርኩ። ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ። አስተናጋጇ «ምሳ ነው?» አለችኝ፤ «አይ፣ የቤተሰብ ነው» አልኳት። አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ስትቀበይኝ ሳጥኑን ደረትሽ ላይ አድርገሽ አቀፍሽው። እኔን ከዚያ በኋላ ነው ያቀፍሽኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ አፌን ከፈትኩ፣ «ብርድ እንዳይመታሽ» አልኩ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ሰሌዳሽ ላይ ከሌሎቹ ታማሚዎች ሁሉ ይልቅ የእሷ ነው የተባለው በብዛት ተጣብቆ ቀረ። አንቺም ገና በሕይወት ሳለች «ይመለስባታል» ብለሽ መዘገብሽ፤ ለእኔም በምሥጢር ነገርሽኝ። ባለፈው ክረምት ተመለሰባት። ስትሞት ፕሮፌሰርሽ በአንድ ትንፋሽ አጽናንቶሽ በዚያው ትንፋሽ እንኳን ደስ አለሽ እንዳለሽና ሽንት ቤት ገብተሽ እንዳለቀስሽ ነግረሽኛል። ጥር ላይ በፈታኞችሽ ፊት የምትቆሚው በዚህ ግኝት እንደሆነ አውቃለሁ። የመመረቂያሽ የፊት ገጽ ላይ በእማዬ ክርስትና ስም «ለወለተ ሥላሴ» ተብሎ እንደተጻፈም አውቃለሁ፤ ፎቶውን ልከሽልኝ ለአባታችን አሳየኋቸው፤ ፊደሉ ደካማ ነው አሉ፣ ግን ደጋግመው አዩት።

የመስቀል ማግስት ስንቀብራት፣ በተናዘዘችው መሠረት ከወይራው ሥር ነበር። ቆፋሪዎቹ አንድ ክንድ ሳይወርዱ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር አገኙ። «ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ። «የእሷው ነው፤ ከእሷ ጋር መልሱት» አልኳቸው። በቀብር ቀን ሰው ብዙ አይጠይቅም።

ስለዚህ ለአባታችን «እማዬ ሙሉ ሆና ነው የተቀበረችው፤ የቀረባት የለም» ስላቸው እውነቴን ነው። ባለፈው እሑድ እንዲህ አልኳቸው። «በምን ታውቃለህ?» አሉኝ። ነጠላቸውን አስተካከልኩላቸው። እሳቸውም ይህን እንደ ማጽናኛ ቆጥረው በትከሻዬ ተደግፈው ተነሡ። ትከሻዬ ላይ ምንም አልተሰማኝም፤ የአባታችን ክብደት አልቋል።

አታምጪው የምልበትን ምክንያት ልዘርዝር ብዬ ሌላ ወረቀት ላይ ሞከርኩ። ጉምሩክ ያስቸግርሻል ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩት፤ ጉምሩክን ያሸነፍሽ ሴት ነሽ። በረዶው ይቀልጣል አልኩ፤ በዚህ በጋይንት ብርድ በረዶ ይቀልጣል ብዬ ለማን ልንገር? የሃይማኖት ነገር ነው አልኩ፤ አለቃ ፈቅደዋል። አንድ ብቻ ቀረኝ። ፍታት ለሙት ነው። በዚያች ማኅደር ላይ ካህናቱ ቆመው «ነፍሷን አሳርፍ» ሲሉ ጸሎቱ ወዴት እንደሚሄድ አስቢው። አባታችን ይህን ስሕተት በሕይወታቸው መጨረሻ እንዲሠሩት፣ ያውም በገዛ እጃቸው በሠሩት ማኅደር፣ አልፈቅድም።

ለአባታችን የምነግራቸው አንድ ዓረፍተ ነገር አለኝ። ብነግራቸው ዛሬውኑ ይበላሉ፤ ሰማንያዋም በጊዜዋ ትወጣለች። ግን በዚህ ቤት የተነገረ ነገር እዚህ አያድርም፤ ማንአለሽ አለች፣ ባጃጅ ተራው አለ። የአንቺ ሥራ በነጭ ሽንኩርት ሻጭ አፍ ቀድሞ እንዲፈርስ አልፈልግም። መጀመሪያ አንቺ እወቂው። ከዚያ እንደምትፈርጂው ፍረጂ፤ «ንገራቸው» ካልሽኝ በዚያው ሰዓት እነግራቸዋለሁ። «ቆይ፣ ጥር ይለፍ» ካልሽኝም እጠብቃለሁ፤ እሳቸው የሚጠብቁ ከሆነ። ከሁለታችሁ አንዳችሁን ላጣ ነው፤ ማንን እንደማጣ እንድትመርጪልኝ መላኬ የፈሪ ሥራ እንደሆነ አይጠፋኝም። ብቻ ደብዳቤው እንደደረሰሽ፣ አንድ ቀን ሳታሳድሪ ደውይ። ኔትወርኩ ይሠራል።

የእናታችን አምላክ የምትይዢውን ያጽናልሽ፤ የሚታጠበውን ከላይሽ ይጠብልሽ። እንቅልፍ ይስጥሽ። እኔን ይቅር የምትይበት ቀን ካለ፣ አባታችን ቆመው ሳሉ ያድርገው።

እናቱንም እህቱንም እምቢ ማለት ያልቻለው፣
ወንድምሽ

ፖስታውን ሳላሽግ፦ ዘነበች ዛሬ ለሚካኤል ንግሥ መጥታ ደጀ ሰላሙ ላይ አገኘችኝ። ወፍራለች። ሐኪሞቹ ባለፈው ወር ከላይ እስከ ታች መርምረው ምንም የለብሽም ብለው አሰናብተዋታል። የእማዬን ሞት ስነግራት ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ጠርጋ፣ «ያኔ ስጡት ያልኳችሁ ለሆነ ነገር ጠቀመ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።